የድሮውን የቪዛ አካሄድ ይዛችሁ ከሀዋሳ አትነሱ (የአሜሪካ ኤምባሲ፣ መስከረም 2018)

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን ለመስቀል በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ጥያቄዬ ስለ አሜሪካ ቪዛ ነው። እናቴ 81 ዓመቷ ነው፣ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ የመጀመሪያ ልጁን ጥር ላይ ሊድር ነው። እማዬ ከዓመታት በፊት ሄዳ በሰዓቱ ተመልሳለች፣ የያኔው ቪዛ ግን ጊዜው ካለፈ ቆየ። እዚህ ሰፈር የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ከ80 በላይ የሆነ ሰው ኢንተርቪው አይጠየቅም፣ ዶክመንት ብቻ ነው የሚገባው ይለኛል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ይሄ ነገር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀርቷል የሚል አየሁ። ጉልበቷን ያማታል፣ ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በከንቱ ላመላልሳት አልፈልግም። ሰሞኑን የጨረሰ ወይ ህጉን በደንብ የሚያውቅ ሰው ካለ የድሮውን ሳይሆን የአሁኑን ንገሩኝ።

መልሶቹ

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። መልሱ ከሰላሳ አልፏል፣ አዲስ የሚገባው ሰው ግን ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ መልሶ እየጠየቀ ስለሆነ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አባባል አስቀምጬዋለሁ። የሚጠቅመው ላይ እቆያለሁ፣ የማይጠቅመውን እያለፍኩ እሄዳለሁ።

1 እና 2 ሁለቱም በጣም ጨዋ ነበሩ። የመጀመሪያዋ እህት እንኳን አብሮ አደረሰን ብላ የሷ እናት ከሁለት ዓመት በፊት ኤምባሲው ደጃፍ ሳይደርሱ ፓስፖርታቸው ገብቶ ቪዛ ተመቶበት እንደወጣ ነገረችኝና አይዞሽ አለችኝ። ሁለተኛው ደግሞ የአጎቱም እንደዛው ነበር አለ። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት፣ ያኔ እውነት ነበር። ችግሩ እዚህ ከተማ ውስጥ አሁንም በቡና ላይም በለቅሶ ቤትም የሚዞረው ምክር ይሄው የሁለት ዓመት በፊቱ መሆኑ ነው።

3ኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፣ ረጅም ጽፏል፣ እኔም የዚህ ውይይት ዋና መልስ የምለው ይሄን ነው። በአክብሮት 1 እና 2ን አርሞ ከሴፕቴምበር 2፣ 2025 ማለትም ከነሐሴ 27፣ 2017 ጀምሮ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ከ79 በላይ የሆኑ አዛውንቶችም በአካል ቀርበው ኢንተርቪው እንዲያደርጉ መወሰኑን ጻፈ። ከዲፕሎማትና ከመሰል ጥቂት የቪዛ አይነቶች ውጪ ለተራ ሰው የቀረችው በር አንድ ናት፤ ቢ-1/ቢ-2 የሚባለው የጎብኚ ቪዛ ያለው ሰው ቪዛው ካለፈበት 12 ወር ሳይሞላው ሲያድስ፣ ያውም ያለፈው ቪዛ በሙሉ ጊዜው የተሰጠ ከሆነና ሲሰጠው 18 ዓመት ሞልቶት ከነበረ ነው። እሱም ቢሆን ቆንስሉ ከፈለገ መጥራት ይችላል። የእናቴ ቪዛ ካለፈ ከ12 ወር በላይ ስለሆነው እድሜዋም የድሮ ቪዛዋም አያድኗትም፣ ትቀርባለች ማለት ነው። መራራ መልስ ነው ግን ቁርጡን ስላወቅኩ አመሰግነዋለሁ።

4ኛዋ የመጀመሪያዋ እህት ራሷ ናት፣ ተመልሳ መጥታ መምህሩን አመስግና አክስቷንም ልታስጠነቅቅ እንደሆነ ጻፈች።

5ኛው ላይ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው። እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ነው፣ ፎርም መሙላቱንም ቀጠሮ መያዙንም እሱ ጋ እንደሚጨርስ፣ እድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ያለ ኢንተርቪው ማስጨረስ እንደሚችል፣ እናቴን ይዤለት ብመጣ ዋጋውን እንደምንነጋገር ጻፈ። 3ኛው መልስ ከላዩ ቁጭ ብሎ ነው ይሄን ያለው። እኔ በጣም ነው ያናደደኝ፣ እዚህ ከተማ ስንት እናት አለች ልጇ ውጪ ሆኖ ፎርሙን የሚሞላላት አጥታ ለእንደዚህ አይነት ሰው ብሯን የምትሰጥ።

6ኛዋ ነርስ ናት፣ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ሌሊት ነው የጻፈችው፣ የሷን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው ምክንያቱም ችግሩ በትክክል የት ጋ እንደሚፈጠር የሚያሳየው እሱ ነው። አክስቷ ፎርም ያስሞሉት አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አልጠራችም። እዛ የሚሰራው ልጅ ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ፎርም አንዴ ሞልቶ ቀጠሮ ያዘላቸው። ከዛ የአባታቸው ስም ላይ ፊደል ተሳስቶ ስላገኘ ሌላ አዲስ ፎርም ሞላና አዲሱን ኮንፈርሜሽን አትሞ ሰጣቸው፣ ቀጠሮው ግን በአሮጌው ቁጥር እንደተያዘ ቀረ። ኮንፈርሜሽን ገጹ ላይ ባርኮድ አለ፣ ከባርኮዱ ጋር ደግሞ AA00 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ፣ በኛ ፊደል ኤኤ ዜሮ ዜሮ በሉት። አክስቷ ሁለቱንም ወረቀት በፕላስቲክ አድርገው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። እዛ ሲታይ የቀጠሮው ወረቀትና የፎርሙ ቁጥር አይገናኝም። ቁጥሮቹ መጀመሪያቸው አንድ አይነት ስለሆነ ለዓይን ተመሳሳይ ነው የሚመስሉት፣ የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ነው። አስተካክላችሁ በሌላ ቀጠሮ ኑ ተባሉ። ቤት ሲመለሱ አካውንቱ የተከፈተው በልጁ ኢሜይል ስለነበር ቀጠሮ ለመቀየር እሱን መለመን ነበረባቸው፣ እሱ ደግሞ ስልኩን አያነሳም። ነርሷ ይሄን ከጻፈች በኋላ ለ5ኛው ሰው በቀጥታ፣ ያለ ኢንተርቪው አስጨርሳለሁ ማለት ማታለል ነው ብላዋለች።

7ኛው የ5ኛው መልስ ነው፣ በጣም ተቆጥቷል። እሱ እንጀራውን እንደሚበላ፣ ሰው ራሱ ተሳስቶ እንደሚነግረው፣ ነርሷም የሷን ስራ ብትሰራ እንደሚሻል ጻፈ። ያለ ኢንተርቪው የሚባለው ከነሐሴ 27 ጀምሮ መቅረቱ ሲነሳበት ግን መልስ አልነበረውም። ፎርም መሙላት በራሱ ነውር አይደለም፣ ማንበብ የማይችል ሰው አጋዥ ያስፈልገዋል፣ ፎርሙ ራሱ መጨረሻው ላይ ይሄን ስትሞላ የረዳህ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ካለ ስሙን ጻፍ ይላል። ታዲያ ስንቱ ፎርም ሞይ ነው እዛ ላይ የራሱን ስም የሚያስገባው? አብዛኛው ማንም አልረዳኝም በሚለው ላይ ነው የሚጫነው፣ አዛውንቷ እናት ሳታውቅ ውሸት ላይ ትፈርማለች። ስለዚህ ማንም ይሙላላችሁ ኢሜይሉ የእናንተ ወይ የልጃችሁ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉን ያዙ፣ የፎርሙን ቁጥርና የቀጠሮውን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ፊደል አመሳክሩ። ፎርሙ 20 ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ከቆየ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው የሚጀምረው ቁጥሩን ስለማይጽፈው ነው። መጀመሪያ ገጽ ላይ የምትሰጣችሁን ቁጥርና የሚስጥር ጥያቄውን መልስ ወረቀት ላይ ብትይዙ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። የእማዬን እኔ ራሴ ነኝ የሞላሁት፣ ፎቶዋንም ያለ መነፅር፣ ነጭ ጀርባ፣ 5 በ5 ሳንቲሜትር አስነስቻታለሁ፣ ለመነፅሩ ብቻ ትንሽ ተከራክራኛለች።

8ኛው እዚሁ ሀዋሳ አቶቴ ሰፈር ያለ ነጋዴ ነው፣ አዲስ አበባ ቀጠሮ ከራቀ ናይሮቢ ሂዱ አለ፣ በመሬት ሞያሌ ተሻግሮ የገባ ጓደኛው እዛ ኢንተርቪው አድርጎ እንደተሰጠው፣ ከሀዋሳ ደግሞ ለደቡብ መንገድ ቅርብ እንደሆንን ጨመረ። 9ኛው ደግፎት ዱባይም ይቻላል አለ።

10 መምህሩ ነው እንደገና። ይሄ ድሮ ይቻል እንደነበር አምኖ ከሴፕቴምበር 6፣ 2025 ጀምሮ፣ በኛ ጳጉሜን 1፣ 2017 መሆኑ ነው፣ የጎብኚም የተማሪም የጊዜያዊ ቪዛ አመልካች ሁሉ በዜግነቱ አገር ወይ በሚኖርበት አገር ኢንተርቪው እንዲይዝ መወሰኑን አስረዳ። ናይሮቢ ላይ ሌላ አገር ሰው ሲስተናገድ የሚታየው በአገራቸው መደበኛ የቪዛ ስራ ለሌለው ለሶማሊያና ለደቡብ ሱዳን ሰዎች ቦታው እዛ ስለተመደበ ነው፣ ለሱዳን ካይሮ ነው፣ ለሊቢያ ቱኒስ ነው። ለኢትዮጵያዊ ግን አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ስለሚሰራ ቦታው እዛው ነው። ነዋሪ ሳይሆኑ ሌላ አገር ሄዶ መሞከር ቪዛ ማግኘቱን ያከብደዋል፣ የተከፈለውም አይመለስም፣ ወደ ሌላ ቦታም አይዛወርም።

11 ነጋዴው ተናደደ። መምህር ሁሉን አያውቅም፣ ወረቀት ማንበብና ኑሮ ይለያያል፣ ጓደኛው በዓይኑ ያየውን ሊክዱት እንደማይችሉ ጻፈ። ጓደኛው መቼ እንደሄደ ስጠይቀው አልመለሰልኝም። በዚህ ውይይት ውስጥ የተነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ አንዱም ሳይቀር፣ መቼ በሚለው ጥያቄ የሚፈታ ነበር።

12 ደግሞ ናይሮቢ የምትኖር የሀዋሳ ልጅ ናት፣ ነገሩን አበረደችው። እሷ የኬንያ የመኖሪያ ፈቃድ ስላላት እዛ ማመልከት እንደምትችል፣ ነገር ግን ነዋሪነቷን በማስረጃ ማሳየት እንዳለባት፣ በጎብኚነት ገብቶ የሚሞክር ሰው ግን ለሆቴልም ለትራንስፖርትም ያወጣው ሜዳ ላይ እንደሚቀር አስረዳች። ነጋዴው ለሷ ላይክ አድርጎላታል፣ ለመምህሩ ግን አላደረገለትም።

ከ13 እስከ 16 ያለው ከርዕስ ወጥቶ ስለመንገድ ሆነ፣ ግን ለአዛውንት ተጓዥ ይጠቅማል ብዬ ትንሽ ላንሳው። አንዱ በዋዜማው ገብታችሁ እደሩ፣ ሌሊት ተነስቶ መሄድ ለእናት አይሆንም አለ። ሌላዋ ኤምባሲው እንጦጦ መንገድ ላይ ስለሆነ ሽሮ ሜዳ ወይ ስድስት ኪሎ አካባቢ ማደሩ ይሻላል፣ ቃሊቲ ዘመድ አለኝ ብሎ እዛ ማደር ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ማለቅ ነው አለች። ሶስተኛው ከባቱ እስከ ሞጆ ያለው ፈጣን መንገድ እንዳቀለለው፣ አቅም ያለው ደግሞ ከሀዋሳ በአውሮፕላን ቢሄድ ጉልበት ለሚያማት ሴት እረፍት እንደሆነ ጻፈ። ከዛ አንድ ሰው ኢሬቻ ሰሞን ቀጠሮ የያዘ ሰው ቢሾፍቱ ላይ መንገዱ እንደሚጨናነቅ አስታወሰ፣ እሱን ቀጠሮ የምትይዙ ሰዎች በደንብ አስቡበት። ከዛ ስለ አሞራ ገደል ዓሳ ዋጋ ገቡ፣ እሱን አልፌዋለሁ።

17ኛው ጥያቄ ነው፣ ልብ የሚነካ ጥያቄ። ትምህርት የተፈቀደለት ልጅ ነው፣ ማስተርስ ሊማር፣ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቪዛ ሶስት ወር ብቻ ሆኗል ሲባል ሰምቶ የሁለት ዓመት ትምህርት በሶስት ወር እንዴት ይሆናል፣ ልተወው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቤተሰቡ ለትኬት በሬ ሊሸጡ እያሰቡ ነው።

18 ላይ አንዱ ተወው፣ መንግስታቸው አትምጡ እያለህ ነው ብሎ አጭር መልስ ሰጠ። 19 ላይ ግን አሜሪካ የተማረና የተመለሰ ሰው በትዕግስት አስረዳው፣ እኔም ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ከሐምሌ 1፣ 2017 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ ሲንግል ኢንትሪ ማለትም አንዴ ብቻ የሚያስገባ፣ የሶስት ወር ሆኗል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ናይጄሪያና ካሜሩንም አብረው ነው የተቀየረባቸው። ግን ሶስት ወሩ የመግቢያ ጊዜ ነው። በነዚህ ሶስት ወራት ውስጥ አንዴ ገብተህ ድንበር ላይ ትቀርባለህ፣ ከዛ ስንት ጊዜ እንደምትቆይ የሚወስነው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። ተማሪ ትምህርቱ ላይ እስካለና ስርዓቱን እስካከበረ ድረስ ቪዛው ቢያልፍም እዛው ይማራል። ጎብኚም እንደዛው፣ ቪዛው የሶስት ወር ሆኖ ድንበር ላይ እስከ ስድስት ወር ሊፈቀድለት ይችላል። ከሐምሌ 1 በፊት የተሰጡት ቪዛዎች ደግሞ እንዳሉ ይቀጥላሉ፣ አልተሰረዙም።

ጉዳቱ የት ጋ ነው? 20 ላይ አንዲት እናት የመለሰችው ነው። ልጇ እዛ እየተማረ ነው፣ ለክረምት ልምጣ ሲላት አትምጣ አለችው። ከመጣ ለመመለስ እንደ አዲስ ፎርም፣ እንደ አዲስ ክፍያ፣ እንደ አዲስ ኢንተርቪው ነው፣ ሴሚስተሩ ደግሞ ጠብቆት አይቆምም። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን በቪዲዮ ነው ያከበሩት። ይሄ ነው እንግዲህ የሲንግል ኢንትሪ ዋጋው፣ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፣ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን እናትና ልጅ ነው የሚለያየው።

21 እና 22 ስለ ማህበራዊ ሚዲያ ተጣሉ። ከሰኔ 11፣ 2017 ጀምሮ የኤፍ፣ የኤምና የጄ ቪዛ አመልካቾች ማለትም ተማሪዎችና የልውውጥ ፕሮግራም ሰዎች አካውንታቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። 21 ስለዚህ ፌስቡክህን ዛሬውኑ አጥፋ ብሎ መከረ። 22 ይሄ ልጁን ገደል መክተት ነው ብሎ መለሰለት፣ ቃሉ ጠንከር ይላል፣ ሀሳቡ ግን ትክክል ነው። ፎርሙ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀምክበትን ሁሉ ነው የሚጠይቀው፣ ያጠፋኸውም ቢሆን ተጠቅመህበት ነበር፣ መደበቅ ራሱ ከሚታየው ነገር የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። 17ኛው ልጅ ሁለቱንም አመስግኖ ትምህርቱን እንደማይተው ጻፈ። በጣም ደስ ብሎኛል።

23 ገንዘብ አነሳ። ክፍያው ለጎብኚና ለተማሪ 185 ዶላር ነው፣ ከሰኔ 2015 በፊት 160 ነበር። በዶላር ሲታይ ጭማሪው ትንሽ ነው። በብር ግን ሐምሌ 22፣ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ስለነበር 185 ዶላር ከ10 ሺህ ብር ትንሽ በለጥ ይል ነበር፣ አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ቢከለከሉም አይመለስም። የከፈላችሁበት ደረሰኝ ግን ቀጠሮ ለመያዝ አንድ ዓመት ያገለግላል፣ በሳምንቱ ቀጠሮ ካላገኛችሁ ተቃጠለ ብሎ እንደገና የሚያስከፍል ፎርም ሞይ ካለ እየዋሸ ነው። 23ኛው ሰው ተጨማሪ 250 ዶላር አለ ያለውም ከመሬት ተነስቶ አይደለም፣ በሰኔ 27፣ 2017 በተፈረመው ህግ ውስጥ አለ፣ እስከ መስከረም 2018 ግን መሰብሰብ አልተጀመረም ነበር፣ ያኔ ክፈሉ ያላችሁ ሰው ካለ ለራሱ ነው የሰበሰበው።

24 ደግሞ 15 ሺህ ዶላር ማስያዣ ተጀምሯል፣ ቤታችሁን ሽጡ ብሎ አስደነገጠን። እናቴ አጠገቤ ሆና ሳነበው በቃ ተይው ልጄ፣ በቪዲዮ አየዋለሁ ብላኝ ነበር። 25 ላይ መምህሩ አረመው፣ ማስያዣው ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ ዶላር ሆኖ ነሐሴ 14፣ 2017 ላይ በሙከራ ሲጀመር በማላዊና በዛምቢያ ዜጎች ላይ ነበር። እባካችሁ እንደዚህ አይነት ነገር የየትኛው አገር እንደሆነ ሳታዩ አትለጥፉ፣ በእድሜ የገፋ ሰው ያነበዋል፣ ተስፋ ቆርጦ ይተኛል።

26 ወደ ዲቪ ማለትም ወደ አሜሪካ መኖሪያ ሎተሪው ሄደ፣ መስከረም ስለሆነ መጠበቅም ነበረበት። ዲቪ ለመሙላት አንድ ዶላር ክፍያ እንደተወሰነ ሰማን፣ እውነት ነው ወይ አለ። እውነት ነው፣ ውሳኔው መስከረም 6 ላይ ወጥቷል። አንድ ዶላር ለማንም አይከብድም፣ ግን በኢንተርኔት በካርድ ነው የሚከፈለው፣ እዚህ ከተማ የውጪ ክፍያ የሚያወጣ ካርድ ያለው ሰው ስንት ነው? 27 ላይ የኢንተርኔት ቤቱ ሰው ተመልሶ መጥቶ እሱ እንደሚከፍል አስታወቀ፣ ስንት እንደሚያስከፍል ግን አልጻፈም። 28 ላይ ነርሷ ዋጋህን እዚሁ ጻፈው፣ ደግሞም የኮንፈርሜሽኑን ቁጥር ለባለቤቱ ስጠው ብላ ያዘችው። ትክክል ናት፣ የዲቪ ውጤት የሚታየው በዛ ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥሩን ፎርም ሞይ ይዞ ሲደርስህ ይሄን ያህል ክፈለኝ ያለው ሰው እዚህ ከተማ ሰምተን አናውቅም የሚል ካለ ይንገረኝ።

29 አንድ ወጣት ሁላችሁም ለመውጣት ነው የምትሻሙት፣ አገር ማን ይስራ ብሎ ጠንከር ያለ ነገር ጻፈ፣ አንዳንዱ ቃል ስድብ ነበር፣ አስተዳዳሪው አጥፍቶታል። 30 ላይ የመለሱለት ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ይመስለኛል፣ ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። የ81 ዓመት እናት የልጅ ልጇን ሰርግ በልታ መርቃ ለመመለስ ነው የምትሄደው፣ አገር ጥላ እንደማትሄድ፣ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቴም እንደተመለሱ፣ ቆንስሉ ራሱ የሚጠይቀው ይሄንኑ እንደሆነ ነገሩት። በአሜሪካ ህግ ማንኛውም የጎብኚ ቪዛ አመልካች ሊቀር ነው ተብሎ ነው መጀመሪያ የሚታሰበው፣ እንደማይቀር ማስረዳት የአመልካቹ ፋንታ ነው፣ ሰው የሚከለከልበት 214 ቢ የሚባለውም ይሄው ነው። ስለዚህ የቤት ካርታ ቁልል ይዞ ከመሄድ እዚህ ማን እንዳለህ፣ ለምን እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትመለስ ባጭሩ መናገር እንደሚሻል መከሩ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእማዬ አንብቤላታለሁ።

31 የጣሊያን ስልጠና ያለው ልጅ ነው፣ ሸንገን የሚባለው የአውሮፓ ቪዛም እንደዚህ ከብዷል ወይ ብሎ ጠየቀ። 32 ላይ በስራው ምክንያት ብዙ የሚመላለስ ሰው መለሰለት። የአውሮፓ ህብረት ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም አቁሟል፣ ምክንያቱ ህብረቱ እንደሚለው ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ላይ ያለው ትብብር አነሰ የሚል ነው። ክፍያው ከሰኔ 2016 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ስለሚቀበሉ ግብዣው እንደደረሰህ በሳምንቱ አስገባ፣ ስልጠናው ሊጀምር ሶስት ሳምንት ሲቀረው የሚያስገባ ሰው 45 ቀኑን ረስቶ ኤምባሲውን ነው የሚወቅሰው አለው። ትንሽ ቁጣ አለበት አነጋገሩ፣ ምክሩ ግን ወርቅ ነው።

33 መጨረሻ ላይ የመጣ ነው፣ ጥያቄው እስካሁን መልስ ስላላገኘ እኔ እመልስለታለሁ። ወንድሙ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ዱባይ በስራ ፈቃድ ይኖራል፣ አባታቸው አሜሪካ ሆነው በቤተሰብ ጉዳይ አመልክተውለታል፣ ኢንተርቪው የት ይሆናል፣ ወደ አዲስ አበባ መምጣት አለበት ወይ ነው ያለው። የኢሚግራንት ማለትም ለመኖር የሚሰጠው ቪዛም ቢሆን ከኖቬምበር 1፣ 2025 ማለትም ከጥቅምት 22 ጀምሮ በሚኖርበት አገር ወይ በዜግነቱ አገር ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ወንድምህ ሁለቱም በር አለው። እዛው ኤምሬትስ እንዲሆን ከፈለገ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢንተርቪው እስኪደርስ ድረስ እንዳያልፍበት ቀኑን አሁኑኑ ይይ። ፈቃዱ ሊያልቅ ከሆነና አሰሪው የማያድስለት ከሆነ ግን ጉዳዩ አዲስ አበባ እንዲሆን ሳይመሽ ይጠይቅ። የፈቃዱ ማብቂያ መቼ እንደሆነ እዚሁ ጻፍልን፣ መምህሩም ያየዋል።